ዓይን የማይወጋ ቀለም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ነጃት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንንሽ የቀለም ናሙናዎች ጭኔ ላይ ዘረጋችልኝ። ደሴ ላይ የምትሠራው ቤት ልስኑ አልቆ የቀረው ቀለሙ ብቻ ነው። ቀቢው በረንዳ ላይ ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

"ይኼ ክሬም ነው፤ ይኼ ኦፍ ዋይት። ይኼን ደግሞ ቤጅ ይሉታል" አለችኝ።

"ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?"

"አይደሉም እማ። ወደ መስኮቱ አዙረሽ እያቸው።"

አዙሬ አየኋቸው። እውነትም ይለያያሉ። አንዱ እኛ ቡላ የምንለው ነው፤ አንዱ ወደ ዳለቻ ያደላል፤ ሌላው አመድማ ነው። እኔ ባደግሁበት አገር እነዚህ የበቅሎና የአህያ መልክ መጥሪያ ስሞች ነበሩ። አሁን ሰው በገንዘቡ ገዝቶ ሳሎኑን ይቀባቸዋል።

"ድምቅ ያለ አልፈልግም" አለች ነጃት። "ሰው ሲገባ ዓይኑን የማይወጋው ይሁን።"

ናሙናዎቹን ሰብስቤ መለስሁላት። "አንቺው ምረጪ፤ እኔ ቀለም አላውቅም" አልኋት፤ ካሰብሁት በላይ ቆጣ ብዬ። ልጄ ደንግጣ አየችኝ። ቀቢው ከሄደ በኋላ፣ ሻይዋን ይዛ ተመልሳ ስትመጣ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኋት። የግድግዳ ቀለም የመረጥሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መካነ ሰላም፣ በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀርቷል። ከእሱ በፊት የነበረውም መኸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መካነ ሰላም ነፋሻማ ደጋ ናት፤ ቆርቆሮ ቤቶቿ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉ፣ ቤተ ክርስቲያኗና መስጊዷ እየተያዩ የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ረሃቡ ወደ እኛ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የታወቀን በገበያ ቀን ነው። እህል ይዞ የሚወጣ ሰው እያነሰ፣ የቤት ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሰው እየበዛ ሄደ። አንዱ ማረሻውን፣ አንዷ የአንገት ብሯን፣ አንዱ ደግሞ ከነማጠፊያው የነቀለውን የቤቱን በር ተሸክሞ ይመጣል። ገዢ ግን የለም። በር ገዝቶ ማን ይበላል?

አባቴ ሼህ ሁሴን ቁርኣን የሚያቀሩ ሰው ነበሩ። ከወግዲም፣ ከከላላም፣ ከዚያም አልፎ ደረሳዎች እየመጡ እሳቸው ዘንድ ይማሩ ነበር። ደረሳ ማለት አገሩን ትቶ ለቂርኣት የወጣ ተማሪ ነው፤ የሚኖረውም መንደሩ በሚያወጣለት ምግብ ነው። በግቢያችን ውስጥ፣ በሩ ወደ መንገዱ የሚከፈት፣ ሃያ ሰው የሚያስተኛ ሰፊ የደረሳ ቤት ነበረን። መንደሩ የሚያወጣው ሲያጣ ደረሳዎቹ አንድ በአንድ የአባቴን እጅ እየሳሙ ወደየአገራቸው ሄዱ። የመጨረሻው የሄደው በሚያዝያ ነው። የሚጽፉባቸው የእንጨት ሉሆች ጥግ ላይ ተደራርበው ቀሩ፤ ቤቱም ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ለምደን አናውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት በቁርኣን ድምፅ ሲነቃ የኖረ ሰው፣ በዝምታ ሲነቃ የሆነ ሰው የሞተ ይመስለዋል።

በዚያው መሃል ለእኔ ሽማግሌ ተላከ። ልጁ የኩታበር ነጋዴ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ አባቴን ለሕክምና ደሴ ሳደርስ አባቱ እዚያ በከፈቱት ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ አይቼዋለሁ፤ እሱም አይቶኛል። ቃል አልተለዋወጥንም። እውነቱን ልናገርና ፈልጌው ነበር። እሱን ይሁን ወይስ ከዚያ ቤት መውጣቱን፣ አሁን ለመለየት ያስቸግረኛል። ስናር የሚባል አረም የበዛበት የገብስ ቂጣ ጉሮሮዬን እየያዘኝ፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ የቤቱ ኃላፊነት ትከሻዬ ላይ ወድቆ፣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ እያወራ፣ እኔ በዚያ ዕድሜዬ ደክሞኝ ነበር። የዚያ ሱቅ የጨርቅ ሽታ በአፍንጫዬ ቀርቶ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ክረምቱ መንገድ ሳይዘጋ፣ ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲመጡ ተቀጠሩ። የሚያርፉትም በደረሳው ቤት ነው። ግድግዳው ግን በደረሳ ጀርባ ተላልጦ፣ በኩራዝ ጭስ ጠቁሮ ነበር። አክስቴ ፋጡማ፣ ጆሮዋ የከበዳት የአባቴ ታላቅ፣ ከሱቅ ሰማያዊ ኖራ ተገዝቶ እንዲቀባ ፈለገች። አባቴ እንቢ አሉ።

"በዚህ ዓመት ቤት ማሳመር ነውር ነው" አሉኝ በቅሏቸውን እየጫኑ። ዘመድ ያለውን እህል እንዲያካፍላቸው ወደ ከላላ መሄዳቸው ነበር። "ግን እንግዳም በተላላጠ ቤት አይቀበሉትም። ከብርቄ ጋር ተማከሩና አፈር ቀቡት። ዓይን የማይወጋ ይሁን ዘሃራ። ሰርግም ለቅሶም አይምሰል።"

እትዬ ብርቄ ከግቢያችን ዝቅ ብላ፣ ከቦዩ ማዶ፣ ጎንበስ ተብሎ በሚገባባት አንዲት ክፍል የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ክርስቲያን ናት፤ ግን "አልሃምዱሊላህ" ከአፏ አይጠፋም፤ እኛ አገር እንዲያ ነው። ሙያዋ ግድግዳ ነው። ትመርጋለች፣ ትለስናለች፣ ትለቀልቃለች። በከተማው እጇ ያላረፈበት ግድግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። መዳፏ ሰፊና ሻካራ ሆኖ፣ ጭቃ ላይ ሲያርፍ ግን እንደ ሐር ያለሰልሳል።

ነጩ አፈር የሚገኘው በወግዲ መውጫ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ካለ ገደል ሥር ነው። ሁለታችንም ስልቻ ይዘን በጠዋት ወጣን። የግንቦት ፀሐይ ገና በማለዳው ይጋረፋል፤ መንገዱ ዳር ያለው ሣር በእግር ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ከቆላ ወደ ላይ የሚወጡ ሰዎች አገኘን። እንደ መንገደኛ አልነበሩም፤ አይነጋገሩም፣ አይቸኩሉም፣ ዝም ብለው እግራቸውን ያነሳሉ። እትዬ ብርቄ ለሁሉም "አብሽሩ፣ አብሽሩ" እያለች ታልፋለች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የባቄላ ቆሎ ለመጀመሪያዎቹ ልጆች ሰጥታ ስለጨረሰች፣ ለኋለኞቹ ከ"አብሽሩ" ሌላ የሚሰጣቸው አልነበራትም።

"የት ነው የሚሄዱት?" አልኋት።

"ወደፊት።"

"ወደፊት ምን አለ?"

"ኋላ የሌለው ነገር ይኖር ይሆናል ብለው ነው" አለችኝና ስልቻዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች።

አፈሩን ወቅጠን ነፋነው። እትዬ ብርቄ ለብቻው ነጩን፣ ለብቻው አመድ የገባበትን፣ ለብቻው ትንሽ ቢጫ አፈር የተደባለቀበትን፣ ለብቻው ደግሞ ሦስቱም ያሉበትን በጠበጠች። መጀመሪያ ግድግዳውን በጭቃና በእበት ደፍና አለሳለሰችው። ከዚያ በደረሳው ቤት ግድግዳ ላይ አራት ቦታ፣ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት፣ አራቱን ቀባቻቸው።

ወዲያው ልመርጥ ስል ከለከለችኝ። "ተይው ይደር። ቀለም እርጥብ ሳለ ይዋሻል" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። በማግስቱ ነጩ የከፈን ጨርቅ መሰለኝ። አመድ ያለበት ቤቱን አጨለመው። ቢጫው የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። ሦስቱም ያሉበት ግን ቡላ ሆኖ፣ ጠዋት ሲያዩት ሞቅ ያለ፣ ቀትር ላይ ሲያዩት ቀዝቀዝ ያለ፣ ዓይን ሲያርፍበት የማይገፋ ቀለም ወጣው። ለመምረጥ አንድ ቀን ሙሉ ወሰደብኝ። እየሄድሁ እመለሳለሁ፤ በር ላይ ቆሜ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ አያለሁ። የኩታበር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጀርባቸው በዚያ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ፣ ምን ዓይነት ቤት ናት የሚሏት እያልሁ አስባለሁ። ሰዎች በመንገዱ ላይ ያልፋሉ። እኔ ስለ ቡላ አስባለሁ። አሁን ሳስበው ያ ቀን በዚያ ዓመት የተደሰትሁበት ብቸኛ ቀን ነበር፤ ስለዚህም ነው የሚያሳፍረኝ።

"ሦስተኛ እጅ ቅብ አልጨምርም፤ ሁለቱ ይበቃዋል" ብላ እትዬ ብርቄ ጨርሳ በሄደች በማግስቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ጣለ።

ያን ዝናብ ስንት ወር ጠብቀነዋል። እኛ ዝናብን ራህመት፣ የአላህ ምሕረት፣ የምንል ሰዎች ነን። ሴቶች ከየቤቱ ወጥተው እልል አሉ፤ ባለሱቆች እንኳ መንገዱ መሃል ቆመው ፊታቸውን ለዝናቡ ሰጡት። እኔ ግን ስልቻና አጎዛ እየሰበሰብሁ በደረሳው ቤት መስኮቶች ላይ እሰቅል ነበር። ውሽንፍሩ ገብቶ ግድግዳዬን እንዳያጥብብኝ። ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ሲያይ እኔ ግድግዳ አይ ነበር።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት፣ አንድ ሽማግሌ በክንዳቸው ደግፋ ቆማለች። ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከሽማግሌው በስተጀርባ ተለጥፋለች። ሦስቱም ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ረጥበዋል።

"አሰላሙ አለይኩም" አለች ሴትዮዋ። "የሼሁ ቤት ይኼ ነው ብለውን ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ጥግ ስጡን።"

"ሼሁ የሉም፤ ከላላ ሄደዋል።"

"አንቺ ልጃቸው አይደለሽም?"

"ነኝ። ግን ቤቱ እርጥብ ነው። ትላንት ነው የተለቀለቀው፤ ቢነኩት ይለቃል።"

በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ከመሃል እንቀመጣለን። ግድግዳውን አንነካም" አለችኝ።

እንዲህ ነው ያለችኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎም ድምፅዋ ከነአነጋገሩ ይሰማኛል።

"እርጥበቱ ለአባት አይበጅም፤ ይበርዳቸዋል" አልሁ። አሳቢ መሰልሁ። ለልጅቷ ከወጥ ቤት የቂጣ ቁራሽ አምጥቼ ሰጠኋት፤ በእሱም ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ።

"አላህ ይስጥልን" አለች ሴትዮዋ። ሽማግሌውን አዙራ ወደ ቦዩ አቅጣጫ ወረዱ። በሩን ዘጋሁ።

ሰው ቢጠይቀኝ፣ ተስቦውን ፈርቼ ነበር ማለት እችላለሁ። ያን ሰሞን ተስቦ ከሰው ጋር እየተጓዘ ነበር፤ ብፈራ የሚፈርድብኝ የለም። ግን አልፈራሁም። ሽማግሌው ይንቀጠቀጡ እንደነበር እንኳ ልብ ያልሁት በኋላ ነው። ቤቱ እርጥብ ነው ያልሁትም ውሸት አልነበረም። ሰውን ለመመለስ የግድ መዋሸት እንደማያስፈልግ ያን ቀን ተማርሁ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። እትዬ ብርቄ ሁልጊዜ ሥራዋን በጨረሰች በሁለተኛው ቀን ተመልሳ የማየት ልማድ ነበራት፤ ያን ቀን ግን ቀረች። እኔ ራሴ ወረድሁ። በሯ ገርበብ ብሏል። ጎንበስ ብዬ ስገባ፣ ሽማግሌው በብቸኛው መደቧ ላይ ተኝተዋል፤ ልጅቷና እናቷ እግራቸው ሥር ተጣጥፈዋል። እትዬ ብርቄ ጀርባዋን ለበሩ መቃን ሰጥታ ቁጭ ብላለች። የምትተኛበት ቦታ ስላልተረፈ እንደዚያው ተቀምጣ ነው ያደረችው።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ።

"እርስዎ ጋ ገቡ እንዴ?" አልሁ።

"ምን ላድርግ፤ በሬ ላይ ቆሙ" አለች እትዬ ብርቄ። "ከእኔ በፊት የማንን በር እንዳንኳኩ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኋቸው።"

ፊቴ ጋለ። "ወደ ደረሳው ቤት እናምጣቸው" አልኋት።

"ደረቀ እንዴ?" አለችኝ።

የጠየቀችኝ እንደ ባለሙያ ነው ወይስ ገብቷት? ብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሽማግሌው ግን ከዚያ የሚነሱበት ደረጃ አልፏል። በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ላይ ሞቱ። የመስጊዱ ሰዎች መጥተው ቀበሯቸው። ሴትዮዋ፣ ሰዓዳ ነበር ስሟ፣ አላለቀሰችም። አባቷ ነበሩ። ሦስቱ ከዓባይ በረሃ ጥግ ካለች መንደራቸው ሲወጡ ሰባት ነበሩ አለችን። ስለ ሌሎቹ አራቱ ሰው አልጠየቃትም።

አባቴ ከከላላ የተመለሱት በዚያው ሳምንት ነው። በቅሏቸው ላይ ከተሄደበት መንገድ ጋር የማይመጣጠን ጥቂት ገብስ አለ። ከበቅሎ ሳይወርዱ የደረሳውን ቤት የተዘጋ በር አዩ።

"ለምን ተዘጋ?"

"እየደረቀ ነው አባባ።"

ጎረቤት አስቀድሞ ነግሯቸው ኖሯል። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። "ይኼ ቤት ሰው ሳይኖርበት ነው የሚበላሸው" ብቻ አሉኝ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ እትዬ ብርቄ ቤት ወረዱና ሰዓዳንና ልጇን ረውዳን ይዘው መጡ። ሰዓዳ የደረሳው ቤት መሃል ላይ ተቀመጠች። "ጠጋ በይ እንጂ" ሲሏት እንኳ ግድግዳውን አልተደገፈችም።

ከሳምንት በኋላ እትዬ ብርቄን ትኩሳቱ ያዛት። ተስቦ ነው። በዚያች መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ፣ ከታማሚ ጋር ሦስት ቀን ተፋፍና ኖራለች። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ሰፊ ቤት፣ መስኮት ተከፍቶ... ግን ይህን አሳብ የትም አላደርሰውም፤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አባቴ በቃሬዛ አስመጥተው የደረሳው ቤት አስተኟት። የክሊኒኩ ድሬሰር አንድ ጊዜ መጥቶ አይቷት፣ ውሃ አጠጧት፣ ፀጉሯን ላጯት፣ ልብሷን ቀቅሉት ብሎ ሄደ። እሱም ዓይኖቹ ከድካም ብዛት ቀልተው ነበር።

ያስታመምኋት እኔ ነኝ። ሰዓዳ ታግዘኝ ነበር፤ ሁለታችንም ብዙ አንናገርም። የገብስ አጥሚት በማንኪያ አጠጣታለሁ፤ ግማሹ በአገጯ ይፈስሳል። አንዳንዴ ትቃዣለች፤ አንዳንዴ ደህና ትሆናለች። ደህና በሆነችበት አንድ ቀን ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ ቆየችና፣

"ዘሃራ" አለችኝ።

"አቤት እትዬ።"

"እዚያ ጥግ ላይ ተሰነጠቀ። ጭድ አንሶት ነው። የእኔ ጥፋት ነው።"

"ምንም አልሆነም እትዬ።"

"አይ፣ ሆኗል። ስነሳ እደፍነዋለሁ። ቀለሙ ግን አማረ። ደህና መረጥሽ" አለችኝ።

የኩታበር ሽማግሌዎች የመጡት ከዚያ በሁለተኛው ቀን ነው። ሦስት ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በቅሎአቸውን በሩ ላይ አስረው። አባቴ ከደጅ ተቀበሏቸው። እኔ ውስጥ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

"ሼሁ፣ ቤቱ በሽታ ገብቶበታል ይባላል" አለ ታላቅየው።

"አዎ፤ እንግዳም ገብቶበታል" አሉ አባቴ። "ከገባችሁ ደስ ይለኛል። ባትገቡም አልቀየምም።"

ዱዓ ተደረገ። በቅሎዎቹ ሲፈቱ፣ ኮቴያቸው ድንጋይ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ልጁ በዓመቱ የደሴ ልጅ አገባ። አልፈርድበትም። በዚያች ሰዓት ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ምንም አልተሰማኝም። እጄ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ነበር፤ የእትዬ ብርቄ ግንባር ላይ መልሼ አደረግሁት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ቤተ ክርስቲያን የተቀበረችው በዝናብ ውስጥ ነው። ቀባሪው ጥቂት ነው፤ ያን ሰሞን ሰው ቀብር ላይ መቆም ሰልችቶታል። አባቴና ሁለት የመስጊዱ ሰዎች ከክርስቲያኖቹ ጋር ተቀባብለው ተሸከሟት።

ሰዓዳና ረውዳ ክረምቱን ከእኛ ጋር ከረሙ። ስናሩን አብረን አበጠርን፤ ጎመን አብረን ለቀምን። ረውዳ ቀስ በቀስ ሳቅ ጀመረች። መስከረም ጠብቶ የገብሱ እሸት ሲደርስ ሰዓዳ ወደ አገሯ ልትመለስ ተነሳች። በመጨረሻው ቀን፣ ሁለታችን ደጅ ላይ ቂጣ እየቆረስን ሳለ፣ ወራት ሙሉ ይዤው የቆየሁትን አወጣሁት።

"ሰዓዳ፣ ያን ቀን ቤቱ ባዶ ነበር። ሃያ ሰው ይይዝ ነበር።"

"አውቃለሁ፤ አይቼዋለሁ እኮ" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን አልለመንሽኝም? ለምን አልተቆጣሽኝም?"

ቂጣውን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ለልጇ አስቀመጠች። "ደክሞኝ ነበር" አለችኝ።

በማግስቱ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

በዚያው ዓመት አብዮቱ መጣ። ራዲዮ ያለው ባለሱቅ ደጅ ሰው ይሰበሰብ ጀመር። ከአንድ ዓመት በኋላ ትርፍ ቤት ሲወረስ የደረሳው ቤት የቀበሌ ቢሮ ሆነ፤ ሌላ ሰው ሌላ ቀለም ቀባው። አባቴ በጓዳቸው ሁለት ሦስት ልጆች እያቀሩ ኖረው ሞቱ። እኔ ለዘመቻ የመጣ መምህር አግብቼ ደሴ ገባሁ፤ ወለድሁ፣ አሳደግሁ፣ አስተማርሁ። ሰው ኑሮ የሚለው ይህንን ነው።

የነጃት ሻይ ቀዝቅዞ ነበር። ልቧ የተነካ ይመስላል፤ ግን እንደ ዘመኑ ልጅ ልታጽናናኝ ሞከረች። "ልጅ እኮ ነበርሽ እማ" አለችኝ። ቀጥላም፣ "እትዬ ብርቄ ዘመድ አልነበራትም?" ብላ ጠየቀችኝ።

ነበራት። ወግዲ የተዳረች አንድ ልጅ ነበረቻት፤ አስካለ ትባላለች። መርዶው ዘግይቶ ነው የደረሳት። ቀብሩ ካለፈ ከወር በላይ ቆይቶ፣ ጭቃውን በእግሯ አቋርጣ መጣች። ጡት የሚጠባ ልጅ አዝላለች። አባቴ ደጅ ላይ አስቀምጠው አጽናኗት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እናቴ ስትሞት ማን አጠገቧ ነበር?" አለች።

"ዘሃራ ነበረች" አሉ አባቴ።

አስካለ ከተቀመጠችበት ተነስታ ወደ እኔ መጣች። ሁለቱንም እጆቼን ይዛ ሳመቻቸው። "እናቴን ያስታመሙ እጆች" አለችኝ። "እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ። ልጅ ይስጥሽ፤ ቤትሽ አይጉደል።" ቆማ መረቀችኝ፤ ረጅም ምርቃት ነበር። አባቴ ሌላ ቦታ ያዩ ነበር። ሰዓዳ ከበሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። እኔም አጎንብሼ "አሚን" አልሁ። እጄን አላስለቀቅሁም። በሩን ስለመዝጋቴ ምንም አልነገርኋትም።

የወለድሁት፣ ቤቴ ያልጎደለው፣ በዚያ ምርቃት ይሁን አይሁን አላህ ያውቃል። የማይገባኝን ምርቃት ተቀብዬ እስከዛሬ በእሱ እየኖርሁ እንደሆነ ግን አንዳንዴ ይሰማኛል፤ በተለይ ሰዎች ደግ ሴት ሲሉኝ።

ነጃት የመረጠችውን ቀለም ነግራኝ ነበር፤ ረሳሁት። ትናንት ደግሞ፣ "ወግዲ እኮ አሁን መኪና ይገባል፤ መስከረም ላይ ልውሰድሽ" አለችኝ። አስካለ በሕይወት ካለች ከሰባ ዓመት በላይ ይሆናታል። ያዘለችው ልጅም አያት ሆኖ ይሆናል። እንቢም እሺም አላልኋትም፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። መንገዱን እችለው አልችለው እንጃ። ከትናንት ጀምሮ ግን፣ ቁጭ ባልሁበት ሁሉ፣ ለአስካለ ምን ብዬ እንደምጀምርላት እያሰብሁ ነው።